ጥርስ ላስተክል ሄጄ የታይሮይድ መድኃኒቴ ተስተካከለ

የጥርስ ኢምፕላንት (በጎደለ ጥርስ ቦታ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከለው የቲታኒየም ብሎን) አልይዝ ሲል አያምም። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ነገሩ ከተበላሸ ያብጣል፣ መግል ይቋጥራል፣ እንቅልፍ ይነሳል ብዬ ነበር የማስበው። የእኔ ግን ጭጭ ብሎ ነው የከሸፈው። ክራውኑ፣ ማለትም ብሎኑ ላይ የሚቀመጠው ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ሊገጠምልኝ የሄድኩ ዕለት ሐኪሙ ላዩ ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ሊፈታ መፍቻውን አዞረ። የዞረችው ክዳኗ ብቻ አይደለችም፤ አጥንቴ ውስጥ ያለው ብሎንም አብሮ ዞረ። ያለ ማደንዘዣ አውጥቶ አሳየኝ። ደም እንኳ እምብዛም አልነበረውም።

ራጁ ላይ በብሎኑ ዙሪያ ቀጭን ጥቁር መስመር ይታያል። አጥንት መሆን በነበረበት ቦታ ስስ ለስላሳ ሥጋ አድጓል ማለት ነው። ከዚያ የተለመዱት ጥያቄዎች መጡ። ያጨሳሉ? አላጨስም። በዚያ በኩል ጠንካራ ነገር አኝከዋል? የለም። ስኳር አለብዎት? የለብኝም። «እንግዲህ አንዳንዴ ያጋጥማል» ተባልኩ። እውነት ነው፣ ያጋጥማል። ከመቶ ኢምፕላንት ጥቂቱ አይይዝም፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ አይገኝም። ግን የእኔ ጉዳይ ቢያንስ መጠየቅ የነበረባቸው ነገሮች ነበሩት። ይህን የምጽፈው የወር አበባቸው ለቆመ ሴቶች፣ የታይሮይድ ኪኒን ለሚውጡ፣ ስኳር ላለባቸው እና ስቴሮይድ ወይም የአጥንት መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች ነው። ሐኪም አይደለሁም። የደረሰብኝን እና ከሐኪሞቼ የተማርኩትን ነው የማካፍለው።

በመጀመሪያ ኢምፕላንትን የሚይዘው ምን እንደሆነ ልናገር። ብሎኑ የገባ ዕለት ጥብቅ የሚለው አጥንቱን ተጭኖ ስለገባ ነው። ይህ ጥብቀት ግን ዕድሜ የለውም። የተጫነው አጥንት ዳር ዳሩን በከፊል ይሞታል፤ ሰውነትም ያነሳዋል። በቦታው አዲስ አጥንት ይሠራል። ይህ አዲስ አጥንት ነው ከቲታኒየሙ ገጽ ጋር በቀጥታ ተጣብቆ ኢምፕላንቱን ለዓመታት የሚይዘው። አሮጌው ሲነሳ አዲሱ ገና ሳይጠና፣ መሀል ላይ የሚላላበት ጊዜ አለ። ብዙውን ጊዜ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ሰው «አሁንስ ዳንኩ» ብሎ የሚዝናናው ደግሞ ልክ በዚያ ሰሞን ነው። ድዱ ተዘግቷል፣ ሕመሙ ጠፍቷል፣ ውስጡ ግን ገና ግንባታ ላይ ነው።

የአጥንትና የቲታኒየም መጣበቅ የታወቀው በአጋጣሚ ነው። ስዊድናዊው ተመራማሪ ፐር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ የደም ዝውውር የሚያይበት የቲታኒየም መሣሪያ ከትቶ ነበር። ሥራው ሲያልቅ መሣሪያውን ላውጣ ቢል አልወጣም አለው። አጥንቱ ይዞታል። እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ በዚሁ ዘዴ ለመጀመሪያው ታካሚ ጥርስ ተከለ። ከዚያ ወዲህ ብሎኑ ብዙ ተሻሽሏል። ቅርጹም፣ ገጹም፣ አገባቡም። አጥንቱ ግን ያው የእኛው አጥንት ነው። እሱን የሚያዘው በደም ውስጥ የሚዞረው ሆርሞን ነው።

ለሁለተኛ አስተያየት የሄድኩባት ሐኪም አፌን ከማየቷ በፊት አንገቴን አየች። «እዚህ ጋ ምን ተደርገው ነው?» አለችኝ። ከዓመታት በፊት እንቅርት ነበረብኝና የታይሮይድ እጢዬ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል። ጠባሳው ቀጭን ነው፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ሌቮታይሮክሲን የሚባል የታይሮይድ ሆርሞን ኪኒን እውጣለሁ። መጀመሪያ የታከምኩበት ቦታ የሞላሁት ቅጽ ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ልብ እና ስለ አለርጂ ይጠይቃል። ስለ ታይሮይድ አይልም። ስለ ማረጥም አይልም።

እሷ ግን ጥያቄዋን ቀጠለች። ቲኤስኤች (የታይሮይድ የደም ምርመራ) ለመጨረሻ ጊዜ የተለኩት መቼ ነው? የወር አበባዎ ከቆመ ምን ያህል ሆነ? ትንሽ ወድቀው አጥንት ተሰብረው ያውቃሉ? እናትዎ ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር? ቫይታሚን ዲ ተለክተዋል? የጥርስ ሐኪም ስለ እናቴ ዳሌ ሲጠይቀኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ወደ ሆርሞን ሐኪም ላከችኝ። አዲስ ብሎን ስለ መትከል በዚያ ቀን አንድም ቃል አልተናገረችም። ይህ ራሱ እምነቴን ገዛው።

የደም ውጤቱ ሲመጣ ሦስት ነገሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጎትቱኝ ነበር።

አንደኛው ታይሮይድ ነው። ቲኤስኤች ከአንጎል ሥር ያለች እጢ ታይሮይድን «ሥራ» እያለች የምትልክበት ትእዛዝ ነው። በደም ውስጥ ያለው የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ትእዛዙ ይቀንሳል። የእኔ በጣም ወርዶ ነበር። የምውጠው ኪኒን ለአሁኑ ሰውነቴ በዝቷል ማለት ነው። ልቤ ይመታ ነበር፣ ሌሊት ያልበኝ ነበር። ሁሉንም «የማረጥ ነው» ብለው ያሳለፉት ሰዎች ብዙ ናቸው። ሁለቱ ምልክቶች በእርግጥም ይመሳሰላሉ።

ይህ ከአጥንት ጋር ምን አገናኘው? አጥንት ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር አይደለም። አጥንት አፍራሽ ሴሎች ያረጀውን ይቦረቡራሉ፤ አጥንት ገንቢ ሴሎች ደግሞ ጉድጓዱን ይሞላሉ። አንድ ዙር ወራት ይፈጃል። የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ዙሩ በጣም ይፋጠናል፤ በግማሽ ያህል ሊያጥር ይችላል። መፋጠኑ ጥሩ ሊመስል ይችላል። ችግሩ የሚያጥረው በተለይ የመገንቢያው ጊዜ መሆኑ ነው። የተቦረቦረው ሳይሞላ ሌላ ቦታ ይቦረቦራል። በእያንዳንዱ ዙር ትንሽ አጥንት ይቀራል። አዲስ ብሎን ዙሪያ አጥንት እንዲጠና በሚፈለግበት ወቅት ይህ መሆኑ አይመችም። በተቃራኒው ሆርሞኑ ሲያንስ ዙሩ ይጎተታል፤ የመዳን ፍጥነቱም ይቀንሳል። ለዚህ ነው ቲኤስኤች መሀል ላይ እንዲቆም የሚፈለገው።

በነገራችን ላይ፣ ለፀጉርና ለጥፍር ተብለው የሚሸጡ ቫይታሚኖችን የምትወስዱ ካላችሁ ይህን ልብ በሉ። ብዙዎቹ ውስጥ ባዮቲን በከፍተኛ መጠን አለ። ባዮቲን አንዳንድ የላብራቶሪ መለኪያዎችን ያሳስታል፤ ቲኤስኤችን ከእውነተኛው በታች አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ከምርመራው በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን እንዳቆም ተነግሮኝ ነው ደም የሰጠሁት። ያለዚያ ኪኒኑ በስህተት ሊቀነስ ይችል ነበር።

ሁለተኛው በማረጥ ጊዜ የሚቀንሰው የሴቶች ሆርሞን፣ ኤስትሮጅን ነው። ስለ ማረጥ ሲወራ ሙቀቱና ላቡ ይወራል እንጂ መንጋጋ አይነሳም። ኤስትሮጅን የአጥንት አፍራሽ ሴሎችን ዕድሜ ያሳጥራል። እነሱን የሚቀሰቅሰውንም መልእክት ያፍናል። ሲቀንስ አፍራሾቹ በቁጥር ይበዛሉ፣ ረጅም ጊዜም ይኖራሉ። ገንቢዎቹም ይሠራሉ፤ ግን አይደርሱባቸውም። አጥንት በፍጥነት የሚቀንሰው የወር አበባ ሊቆም ሲል እና ከቆመ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። የእኔ ኢምፕላንት የገባው እዚያው መሀል ነበር። የሚጎዳው ደግሞ በተለይ ስፖንጅ የሚመስለው የውስጥ አጥንት ነው። ከላይኛው መንጋጋ የኋላው ክፍል አብዛኛው እንዲህ ያለ አጥንት ነው። የእኔም ብሎን የገባው እዚያ ነበር።

እዚህ ላይ እንዳትደነግጡ። ማረጥ ኢምፕላንትን አይከለክልም። የአጥንት መሳሳትም ብቻውን አይከለክልም። የወር አበባቸው ከቆመ ዓመታት የሆናቸው ስንት ሴቶች ኢምፕላንታቸው ይዞላቸው እያኘኩበት ነው። ጉዳዩ ጊዜ መስጠትና ሌሎች ጫናዎችን ማቃለል ነው። «ሆርሞን ውሰጂና ጥርስሽ ይይዛል» የሚል ምክርም ሰምቻለሁ። የሆርሞን ሐኪሜን ስጠይቃት የሆርሞን ምትክ ሕክምና የራሱ ምክንያትና የራሱ አደጋ ያለው ነገር ነው፣ ለጥርስ ተብሎ አይታዘዝም አለችኝ። ይህ ለኔ በቂ መልስ ነበር።

ሦስተኛው ቫይታሚን ዲ ነው። ስሙ ቫይታሚን ይሁን እንጂ ሥራው የሆርሞን ነው። ቆዳ በፀሐይ ብርሃን ይጀምረዋል፣ ጉበት ይቀይረዋል፣ ኩላሊት ደግሞ ሥራ የሚሠራበትን ቅርጽ ይሰጠዋል። ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም እንዲገባ እሱ ያስፈልጋል። በደም ምርመራ ከ20 ናኖግራም በሚሊሊትር ሲያንስ እጥረት ይባላል። የእኔ ከዚያ በታች ነበር።

ቫይታሚን ዲ ሲያንስ ፓራታይሮይድ የሚባሉት እጢዎች ይነቃሉ። አብዛኛውን ጊዜ አራት ናቸው፤ ከታይሮይድ ጀርባ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዳቸው የምስር ፍሬ ያህል ናቸው። ሥራቸው በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም እንዳይወርድ መጠበቅ ነው። ከምግብ ካልመጣላቸው ከአጥንት ያስወጡታል። ልብና ነርቭ ያለ ካልሲየም አይሠሩምና አጥንት ቢጎዳ ግድ የላቸውም። ታይሮይድ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ እነዚህ እጢዎች አንዳንዴ ይጎዳሉ። የእኔ ግን ደህና ነበሩ፤ እንዲያውም ሆርሞናቸው ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ነበር። ቫይታሚን ዲ በማነሱ ነው ተባልኩ።

የዚህ ሆርሞን አንድ ባሕርይ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቀን ከሌሊት ከፍ ብሎ ከቆየ አጥንት ያፈርሳል። በቀን አንድ ጊዜ በትንሽ መርፌ ሲሰጥ ግን አጥንት ይገነባል። ቴሪፓራታይድ የሚባለው መድኃኒት የተሠራው በዚህ ነው። በአሜሪካ ለከባድ የአጥንት መሳሳት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። አንድ ሆርሞን፣ አሰጣጡ ሲለያይ ሁለት ተቃራኒ ሥራ።

ከሦስቱ የትኛው ኢምፕላንቴን እንዳስለቀቀው ማንም እርግጠኛ ሆኖ ሊነግረኝ አይችልም። ሐኪሟም እንዲያ ብላ አልዋሸችኝም። ምናልባት ብሎኑ ሲገባ የነበረው ሙቀት፣ ምናልባት የአጥንቱ ልልነት፣ ምናልባት ቀድሞ መከፈቱ። «ልናስተካክለው የምንችለውን እናስተካክል» ነው ያለችው።

ማስተካከሉ ከባድ አልነበረም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። የሌቮታይሮክሲኑ መጠን ተቀነሰ። መጠን ከተቀየረ በኋላ ቲኤስኤች ወዲያው አይለካም፤ ረግቶ እውነቱን እስኪናገር ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። ቫይታሚን ዲ እና ካልሲየም ታዘዘልኝ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ ካልሲየም ሌቮታይሮክሲን ከአንጀት እንዳይገባ ያግዳል። ሁለቱን አንድ ላይ መዋጥ የታይሮይዱን ኪኒን እንደ መጣል ነው። ቢያንስ የ4 ሰዓት ልዩነት ያስፈልጋል። እኔ ታይሮይዱን በማለዳ በባዶ ሆዴ በውሃ፣ ካልሲየሙን ከምሳ ጋር አደረግሁ። ብረት ያለባቸው ኪኒኖችም እንደዚሁ መራቅ አለባቸው።

የአጥንት ጥግግት ምርመራም ተደረገልኝ። አጥንቴ ቀንሷል፤ የአጥንት መሳሳት የሚባልበት መስመር ግን ላይ አልደረሰም። መስመሩ ቲ-ስኮር የሚሉት ቁጥር ኔጌቲቭ 2.5 (-2.5) ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። ዳሌና ጀርባ ላይ የተለካው ለመንጋጋ በቀጥታ አይሠራም። ለመንጋጋዬ ሐኪሟ የተማመነችው በሲቲ ስካኑ ነው።

ቁጥሮቹ መስመር ሲይዙ ሁለተኛው ብሎን ገባ። የተደረገው ልዩነት ይኼ ነው። ቀዳዳው ከብሎኑ ይበልጥ ጠበብ ተደርጎ ተበሳ፤ ለስላሳው አጥንት እየተጠቀጠቀ እንዲይዘው ነው። ብሎኑ ከገባ በኋላ ድዱ ላዩ ላይ ተሰፍቶ ተዘጋ፤ ምላስም ምግብም እንዳይነካካው። በመጀመሪያው ጊዜ በሦስት ወር የተከፈተው አሁን ስድስት ወር ተጠበቀ። ለታችኛው መንጋጋ ሦስት ወር ገደማ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለላይኛው፣ በተለይ ለኋላው፣ ከዚያ በላይ መጠበቅ አዲስ ነገር አይደለም። እኔ እንዲያውም ጨምሪልኝ ብዬ ነበር።

በጣም የወደድኩት ደግሞ መለኪያውን ነው። ብሎኑ ላይ ትንሽ ዘንግ ይታሰራል፤ መሣሪያው ሳይነካው ያንቀጠቅጠውና ከ1 እስከ 100 ቁጥር ይሰጣል። አይኤስኪው ይሉታል። ከ70 በላይ ጠንካራ፣ ከ60 በታች ደካማ ተብሎ ይታሰባል። የገባ ዕለት የእኔ ከ60 በታች ነበር። ክራውኑ ከመሠራቱ በፊት ሲለካ ከ70 አልፏል። መጀመሪያ የታከምኩበት ቦታ እንዲህ ያለ ልኬት አልተደረገልኝም። ሁሉም ቦታ መሣሪያው የለም። ቢሆንም «የመያዙን ልክ የምታውቁት በምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ አይከፋም።

ክራውኑ ከተገጠመ ወዲህ በዚያ በኩል እንደ ልቤ አኝካለሁ።

ስለ ሌሎቹ ሆርሞኖች ባጭሩ ልበል። ታላቅ ወንድሜ ስኳር አለበት፤ እሱም ኢምፕላንት አለው። የእሱ ሐኪም ቀጠሮ ያልሰጠው ኤችቢኤዋንሲ እስኪወርድ ድረስ ነው። ይህ ምርመራ የሁለትና የሦስት ወር አማካይ ስኳርን ስለሚያሳይ በምርመራው ዋዜማ ተጠንቅቆ መዋል አያታልለውም። ከ7 ወይም ከ8 በመቶ በታች እንዲሆን የሚፈልጉ ሐኪሞች ብዙ ናቸው። ኢንሱሊን ራሱ ለአጥንት ገንቢ ሴሎች ይጠቅማል። በደም የበዛ ስኳር ደግሞ ሴሎቹን ያዳክማል፣ ኢንፌክሽንንም ይጋብዛል። ስኳሩን የተቆጣጠረ ሰው ግን እንደ ማንኛውም ሰው ሊሳካለት ይችላል።

የጭንቀት ሆርሞን የሚባለው ኮርቲሶል ሌላው ነው። ስለ ጭንቀት ብዙ ይወራል፤ እኔ ግን ይበልጥ የሚያሳስቡኝ በኪኒን የሚወሰዱት፣ እንደ ኮርቲሶል የሚሠሩት ስቴሮይዶች፣ ፕሬድኒሶሎን እና መሰሎቹ ናቸው። ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ፣ ለቆዳ ይታዘዛሉ። አጥንት ገንቢዎችን ይገታሉ፤ አጥንት በፍጥነት የሚቀንሰውም በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ግን ለጥርስ ብላችሁ በራሳችሁ እንዳታቆሙ። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የራሳችን እጢዎች ኮርቲሶል ማምረት ይተዋሉ። ድንገት ማቆም ለሕይወት ያሰጋል። ለጥርስ ሐኪሙ መንገር እንጂ መድኃኒቱን መተው መፍትሔ አይደለም።

ወንዶችም አያመልጡም። የወንድ አጥንት የሚጠበቀው በከፊል ቴስቶስትሮን ወደ ኤስትሮጅን እየተቀየረ ነው። ለፕሮስቴት ካንሰር ሆርሞን የሚቀንስ መርፌ የሚወስድ ሰው አጥንቱ ሊቀንስ ይችላል። ታዳጊዎች ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የእድገት ሆርሞን መንጋጋውን ገና እያሳደገው ስለሆነ ኢምፕላንት አብሮ አይንቀሳቀስም። ጎረቤት ጥርሶች ሲወርዱ እሱ ባለበት ይቀራል። ለዚህ ነው እድገት እስኪያበቃ የሚጠበቀው።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ የለም። እሱም የአጥንት መሳሳት መድኃኒት ነው። አሌንድሮኔት፣ ዞሌድሮኔት፣ ዴኖሱማብ። እነዚህ አጥንት አፍራሾችን ስለሚገቱ መንጋጋ ላይ ቁስል ሳይድን አጥንቱ እንዲጋለጥ ሊያደርጉ ይችላሉ። ለአጥንት መሳሳት በሚሰጠው መጠን ይህ የሚያጋጥመው ጥቂት ሰው ነው። ለካንሰር በከፍተኛ መጠን በመርፌ ለሚወስዱ ግን አደጋው ከፍ ይላል፤ ኢምፕላንትም አብዛኛውን ጊዜ አይመከርም። መርፌው በዓመት አንዴ ወይም በስድስት ወር አንዴ ስለሚሰጥ ሰዎች «መድኃኒት አልወስድም» ብለው ይመልሳሉ። ንገሩ። ደግሞም በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ዴኖሱማብ ሲቋረጥ የታፈነው ማፍረስ በአንድ ጊዜ ተነስቶ የጀርባ አጥንት ስብራት ሊያመጣ ይችላል።

ወደ ጥርስ ሐኪም ስትሄዱ የምትወስዱትን ኪኒን ሁሉ ከነማሸጊያው ያዙ። የቅርብ የደም ውጤት ካላችሁ አብራችሁ ውሰዱ። ቅጹ ላይ ቦታ ከሌለው ጠርዙ ላይ ጻፉት። የታይሮይድ፣ የስኳር ወይም የአጥንት ሐኪም ካላችሁ ደግሞ «ጥርስ ላስተክል ነው» በሏቸው። ሁለቱ ሐኪሞች በራሳቸው አይገናኙም። ካላገናኛችኋቸው በቀር።

የእኔ የአጥንት ጥግግት ምርመራ ወደፊት ይደገማል። ያኔ የአጥንት መድኃኒት መጀመር ካስፈለገ፣ ከመጀመሬ በፊት ታችኛው መንጋጋዬ ላይ የቀረው ባዶ ቦታ እንዲሞላ ተነጋግረናል። የሆርሞን ሐኪሜ ይህን በደብዳቤ ጽፋ ለጥርስ ሐኪሜ ልካለች። ቅጂው እኔ ጋ ነው።